ሜንዴል ያላየውን ክር ከአተር ማውጣት

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ "ዲኤንኤ ምንድን ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይጀምራል። ድርብ ጥምዝ፣ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ። "አይተኸው ታውቃለህ?" ሲባል ግን ዝም ይላል። የእህቴ ልጅም እንደዚያ ነበረች። ለፈተና ስታጠና ያንን የተጠማዘዘ መሰላል ደብተሯ ላይ ደጋግማ ትስለዋለች። አንድ ቅዳሜ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ግን የምር አለ?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ደስ አለኝ። ያላዩትን ነገር ዓመቱን ሙሉ መሸምደድ ያደክማል። እኔም ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ብዙ ጎበዝ ልጆች ጄኔቲክስ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ሲጠቁር አይቻለሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቿን ጠራች፣ እናቷ ወጥ ቤቱን ለቀቀችልን፣ ከአተር ዲኤንኤ አወጣን። ያን ቀን የሠራነውን እናንተም እቤታችሁ ወይም ክፍል ውስጥ እንድትሠሩት ነው የምጽፈው። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ለምን አተር?

ብዙ ሰው ይህን ሙከራ በሙዝ ይሠራል። ሙዝም ይሆናል። እኔ ግን አተርን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የጄኔቲክስ ታሪክ የጀመረው በአተር ነው። ግሬጎር ሜንዴል የሚባለው መነኩሴ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ብርኖ ከተማ፣ በገዳሙ ግቢ ውስጥ ከ1856 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. አተር ሲያዳቅል ቆየ። ውጤቱን በ1866 አሳተመ። በ1869 ደግሞ ፍሪድሪክ ሚሸር የሚባል ወጣት ሐኪም ጀርመን አገር፣ ቱቢንገን ውስጥ፣ ከሆስፒታል በመጣ ፋሻ ላይ ካለ መግል አንድ እንግዳ ነገር ለይቶ አወጣ። "ኑክሊን" ብሎ ጠራው። ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው ነው። አንዱ ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርስበትን ሕግ አገኘ፣ ሌላው ቁሱን አገኘ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ጉዳይ መሆናቸው ግን ያኔ አልታወቀም። ሜንዴል በ1884 ሲሞት የቆጠራቸው አተሮች ውስጥ ያለውን ክር አላየውም ነበር።

እናንተ በሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት ታዩታላችሁ።

የሚያስፈልገው

ግማሽ ኩባያ አተር፣ ማታ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ። እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ፦ ድፍንና ያልታመሰ ይሁን። ገበያ ላይ ያለው ክክ አንዳንዴ ከመከካቱ በፊት እሳት ያየ ነው። ሽሮማ ጭራሽ አይሆንም፤ ተቆልቷል፣ ቅመም ገብቶበታል። ሙቀት ረጃጅሙን ክር ይቆራርጠዋል። ለመፈተን ከፈለጋችሁ ጥቂት ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። በጥቂት ቀን ውስጥ ጎንቆል ካወጣ አተራችሁ ሕይወት አለው።

አንድ ኩባያ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ። አንድ ቁንጥር ጨው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ ብዙዎቻችን በደፈናው ላርጎ የምንለው። አንድ ቁራጭ ፓፓያ ወይም አናናስ (ከሌለ ይቅር)። ብሌንደር፣ መብራት ከጠፋ ሙቀጫ። የሻይ ማጥለያ ወይም ንጹሕ የነጠላ ቁራጭ። ጠባብና ረዘም ያለ ብርጭቆ። የጥርስ ስንጥር።

ከሁሉም በላይ ወሳኙ አልኮል ነው። ፋርማሲ የሚሸጠውን ግዙ። 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የሆነው ምርጥ ነው። 70 ፐርሰንቱም ይሠራል፤ በረዶ እስኪመስል መቀዝቀዝና በዛ ተደርጎ መፍሰስ አለበት። አረቄ አይሠራም። ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ስሞክረው አልኮል ስላላገኘሁ ከመንደር የተገዛ አረቄ ተጠቀምኩ። አርባ ተማሪ ብርጭቆውን ከቦ ጠበቀ። ምንም አልወጣም። ከግማሹ በላይ ውሃ የሆነ መጠጥ ዲኤንኤውን ከውሃ ሊለየው አይችልም። ልጆቹ በትዕግሥት ጠብቀው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ያየሁት ፊት እስካሁን አይረሳኝም። በሚቀጥለው ሳምንት በትክክለኛው አልኮል ደገምኩት።

አልኮሉን ክዳኑን በደንብ ዘግታችሁ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ፍሪዘር ከሌለ ጠርሙሱን ጨው በተነሰነሰበት በረዶ ውስጥ ቅበሩት። ይህ አልኮል አይጠጣም፣ መርዝ ሊሆን ይችላል። እሳትም በቀላሉ ይይዘዋል። ከሰል የተያያዘበት፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ እንዳትከፍቱት።

አሠራሩ

1. አተሩን፣ ቀዝቃዛውን ውሃና ጨዉን ብሌንደር ውስጥ ጨምሩ። ለ15 ሰከንድ ብቻ ፍጩ። እህቴ "ብሌንደሬን አደራ!" እያለች በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ ደግሞ የምፈራው ለዲኤንኤው ነው። ብዙ ከተፈጨ ክሩ ይበጣጠሳል። የምትፈልጉት ቀጠን ያለ የአተር ሾርባ የመሰለ ነገር ነው። በሙቀጫ ከሆነ አተሩን ብቻ ወቅጣችሁ በኋላ ውሃና ጨው ጨምሩበት።

የመፍጨቱ ሥራ የህዋሱን ግድግዳ መስበር ነው። የዕፅዋት ህዋስ ከሴሉሎስ የተሠራ ጠንካራ ግድግዳ አለው። የእንስሳ ህዋስ ይህ የለውም። ፈተና ላይ የሚመጣው ልዩነት እዚህ ብሌንደር ውስጥ ሥራ ይሆንባችኋል።

2. አጥልሉ። ገለባውና ያልደቀቀው ይቀራል፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳል። ዲኤንኤው ያለው በወረደው ውስጥ ነው። ነጠላውን አጥብቃችሁ አትጭመቁት።

3. ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳሙና ጨምሩ። በማንኪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። አረፋ እንዳይበዛ። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የሥራው እምብርት ይሄ ነው። ህዋሱን የሸፈነው ሽፋንና በውስጡ ያለው የኒውክለስ ሽፋን ከስብና ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ዲኤንኤው ሁለቱንም ሽፋን ለብሶ ተቀምጧል። ቅባት የነካውን ድስት ስታጥቡ ሳሙናው ስቡን ቆርጦ ከውሃ ጋር እንዲሄድ ያደርጋል። እዚህም ያው ነው። ሽፋኑ ይፈርሳል፣ በውስጡ ያለው ይፈስሳል። በኮቪድ ጊዜ እጃችንን በሳሙና ታጠቡ የተባልነውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ኮሮና ቫይረስ የስብ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ሲፈርስ ቫይረሱ ያበቃለታል። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ማንኪያውን ማዞር ትታ ቀና አለች። "ስለዚህ እኛ አሁን አተሩን እጁን እያስታጠብነው ነው?" አለች። ልክ ነች፤ የሚፈርሰው ሽፋን ዓይነቱ አንድ ነው።

ጨዉስ? ዲኤንኤ በጎኑ ባለው ፎስፌት ምክንያት አሉታዊ ቻርጅ አለው። ክሮቹ አንዱ ሌላውን ይገፋሉ። ከጨው የሚመጣው ሶዲየም አዎንታዊ ስለሆነ በመሃል ገብቶ ግፊያውን ያበርዳል። በኋላ አልኮል ሲመጣ ክሮቹ ተሰብስበው እንዲታዩ መንገድ የሚጠርገው ይሄ ነው።

4. ድብልቁን ወደ ጠባቡ ብርጭቆ ገልብጡ፣ ሲሶውን ያህል ብቻ። ፓፓያ ወይም አናናስ ካላችሁ ጥቂት ጠብታ ጭማቂ ጨምሩና በጣም ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ አዙሩ። ፓፓያ ውስጥ ፓፔይን፣ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌይን የሚባሉ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ። ዲኤንኤው ሂስቶን በሚባል ፕሮቲን ላይ ተጠቅልሎ ስለሚኖር ይህ ክሩን ለመፍታት ይረዳል። ጭማቂው ትኩስ ፍሬ የተጨመቀበት ይሁን። የታሸገው በሙቀት ስለሚያልፍ ኢንዛይሙ አይተርፍም።

5. አሁን ቀዝቃዛው አልኮል። ብርጭቆውን አጋድሉት። አልኮሉን በግድግዳው ላይ በጣም ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ልክ ማር በማንኪያ ጫፍ እንደምታወርዱት። መቀላቀል የለበትም። አልኮል ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። ከታች ያለውን ፈሳሽ ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ያድርግ። 70 ፐርሰንት ከሆነ እጥፍ አድርጉት።

6. ብርጭቆውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እጃችሁን አንሱ። ጠብቁ።

መጀመሪያ በሁለቱ ፈሳሾች መጋጠሚያ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል። ቀጥሎ ከጉሙ ውስጥ ነጭ ጭረት ብቅ ይላል። ጥቃቅን አረፋዎች ይዘውት ወደ ላይ ይወጣሉ። በአምስት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚንጠለጠል፣ ያልተፈተለ ጥጥ የመሰለ ዘለላ ታያላችሁ። እኛ ቤት ያን ጊዜ ማንም አልተናገረም። ሦስቱም ልጆች አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ዓይናቸው ብርጭቆው ላይ ነበር። እህቴም ከበር ላይ መጥታ ጎንበስ አለች።

7. ስንጥሩን ጉሙ ጋ አስገብታችሁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ድር እንደምታጠነጥኑት። ክሩ ይጠመጠማል። አውጡት።

ያያችሁት በእርግጥ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ለልጆች እውነቱን መንገር አለብን። ስንጥሩ ላይ ያለው ነጭ ነገር አንድ የዲኤንኤ ሞለኪውል አይደለም። የዲኤንኤ ስፋት 2 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። ያያችሁት ከብዙ ሚሊዮን ህዋሳት የወጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ክሮች አብረው ሲጠላለፉ ነው። ጥጥ አስቡ። አንዷን ጭረት ከሩቅ አታዩአትም። ተፈትላ ድውር ስትሆን ግን ታያላችሁ።

ንጹሕ ዲኤንኤም አይደለም። አርኤንኤ (የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል)፣ ፕሮቲን፣ አንዳንድ ስኳርነት ያላቸው ነገሮችም አብረው ይወጣሉ። ሙዝ ላይ ፔክቲን በብዛት ስለሚወጣ ችግሩ ይብሳል። አተርን የመረጥኩበት ሁለተኛው ምክንያት ይሄ ነው። እንደ ሳይንቲስት ማሰብ ለሚፈልግ ልጅ ግን ይህ ጥሩ ጥያቄ ይሆናል፦ ሳሙና ያልገባበት ሁለተኛ ብርጭቆ ጎን ለጎን ሥሩና አወዳድሩ። ልዩነቱ ሳሙናው የሠራውን ሥራ ያሳያችኋል።

ምንም ካልወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አልኮሉ አልቀዘቀዘም፣ አልኮሉ ደካማ ነው፣ ወይም ተደፍቶ ከታችኛው ጋር ተቀላቅሏል። የመጀመሪያው ከሆነ ብርጭቆውን እንዳለ ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ብዙ ጊዜ ያድነዋል። አተሩ የታመሰ ከሆነ ግን መጣልና በሌላ አተር መጀመር ነው።

ይህን አትናቁት። ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ሥራ የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። ህዋሱን ስበር፣ ሽፋኑን አፍርስ፣ ፕሮቲኑን አስወግድ፣ ዲኤንኤውን ለይ። በየሆስፒታሉ "ጂን ኤክስፐርት" የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ መመርመሪያም ከአክታ ውስጥ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ለይቶ፣ አብዝቶ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የሚባለውን መድኃኒት መቋቋሙን ይናገራል። የመጀመሪያው እርምጃ እናንተ ወጥ ቤት ውስጥ የሠራችሁት ነው።

ክሩ ውስጥ ያለው ሕግ፦ በቦሎቄ መቁጠር

ክሩን ካያችሁ በኋላ ወደ ሜንዴል መመለስ ቀላል ይሆናል። ሁለት ኩባያ አምጡ። በእያንዳንዱ ውስጥ 50 ቀይና 50 ነጭ ቦሎቄ ጨምሩ። አንዱ ኩባያ እናት ናት፣ ሌላው አባት። ጂን ማለት አንድን ባሕርይ የሚወስን የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ቀዩ ቦሎቄ አተሩን ድቡልቡል የሚያደርገው የጂን ዓይነት ነው። ነጩ የሚያጨማድደው። ሁለቱም ወላጆች ሁለቱንም ዓይነት ይዘዋል ማለት ነው።

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከእያንዳንዱ ኩባያ አንድ አንድ አውጡ። ሁለቱ አንድ ላይ አንድ ልጅ ናቸው። ጻፉት፦ ቀይ ቀይ፣ ቀይ ነጭ፣ ወይም ነጭ ነጭ። ፍሬዎቹን ወደየኩባያቸው መልሱና ነቅንቁ። መመለስ እንዳትረሱ፤ ካልመለሳችሁ ዕድሉ ይለወጣል።

አሥር ጊዜ ሥሩና ቁሙ። አንድ እንኳ ቀይ ያለበት ሁሉ ድቡልቡል ነው፣ ነጭ ነጭ ብቻ የተጨማደደ። መጽሐፉ 3 ለ 1 ይላል። የእናንተ አሥር ምናልባት 9 ለ 1፣ ምናልባት 5 ለ 5 ይሆናል። የእህቴ ልጅ 5 ለ 5 ሲወጣባት ተሳስቻለሁ ብላ ልትሰርዘው ነበር። አትሰርዙ። እስከ መቶ ቀጥሉ። ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ ወደ 3 ለ 1 እየተጠጋ ሲመጣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ፒነት ስኩዌር፣ ማለትም የወላጆችን ጂኖች አጣምሮ የሚያሳየው ሠንጠረዥ፣ የሚነግራችሁ ዕድሉን ነው። አራት ልጅ ያለው ቤተሰብ የግድ ሦስትና አንድ ይሆናል ማለት አይደለም።

ሜንዴልም ይህ ስለገባው ነው ያን ያህል የቆጠረው። 5,474 ድቡልቡል እና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ አገኘ። አካፍሉት፦ 2.96 ለ 1። ለሰባት ባሕርያት እንዲህ ሠርቷል። እኔ ይህን ቁጥር ሁልጊዜ ሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር። 3 ለ 1 ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ፍሬ በፍሬ የለቀመው መሆኑን ልጆች እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

"ዶሚናንት" (እንደ ቀዩ ቦሎቄ አንድ ብቻ ቢኖር እንኳ ባሕርዩ የሚታይ) የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ብዙ ልጅ ይሳሳታል። ዶሚናንቱ ጂን ሌላውን የሚጨቁን ይመስለዋል። አተሩ ራሱ ያስረዳል። በ1990 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኖርዊች ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች የሜንዴልን የተጨማደደ አተር ጂን አገኙት። ነገሩ እንዲህ ነው። ስታርችን ቅርንጫፍ የሚያወጣለት አንድ ኢንዛይም አለ። በተጨማደደው አተር ውስጥ በዚህ ኢንዛይም ጂን መሃል 800 የዲኤንኤ ፊደል (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ) ገደማ የሚሆን ባዕድ ቁራጭ ገብቶበታል። ትርጉሙ ይበላሻል፣ ኢንዛይሙ አይሠራም። ስታርች ያልሆነው ስኳር ፍሬው ውስጥ ይከማቻል፣ ስኳሩ ውሃ ይስባል፣ ፍሬው ያብጣል። ሲደርቅ ያ ሁሉ ውሃ ይወጣና ቆዳው ይጨማደዳል። አንድ ደህና ቅጂና አንድ የተበላሸ ቅጂ ያለው አተር ደህናው ቅጂ በቂ ኢንዛይም ስለሚሠራለት ድቡልቡል ይሆናል። ዶሚናንትነቱ ይሄው ነው። አንዱ ደህና ቅጂ ለሁለት ስለሚበቃ።

ከደቂቃዎች በፊት ስንጥር ላይ የጠመጠማችሁት ክር ውስጥ ይህ ጂን አለ።

ሌላም ልጨምር። በትግራይና በሰሜን ወሎ የሚበቅል "ደቆቆ" የሚባል የራሳችን አተር አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ ሳይቀር የአገራችን የቀድሞ ስም ተጠርቷል፤ ፒሰም አቢሲኒከም ይባላል። ካገኛችሁት ሙከራውን በሱም ሥሩት። የሜንዴል አተር ሩቅ ዘመዱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናለሁ፣ በተለይ መምህራንን። ምላስ መጠቅለልን የአንድ ጂን ምሳሌ አድርጋችሁ "ከወላጆችህ ጋር አወዳድር" ብላችሁ የቤት ሥራ አትስጡ። ይህን ሐሳብ በ1940 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የጄኔቲክስ ተመራማሪው አልፍሬድ ስተርቴቫንት ራሱ በኋላ ትቶታል። ፍጹም መንታ ከሆኑት እንኳ አንዱ ሲጠቀልል ሌላው የማይችል አለ። ምላሱን የሚጠቀልል ልጅ፣ የማይጠቀልሉ ወላጆቹን አይቶ ስለ ራሱ ሌላ ነገር ሊያስብ ይችላል። በልጅ ልብ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ መዝራት ለአንድ የቤት ሥራ አይገባውም። አተርና ቦሎቄ ይበቃል።

መቁረጥና መቀጠል በወረቀት

ሦስተኛው ሥራ አጭር ነው። መቀስ፣ ስኮች፣ ሁለት ቀለም ወረቀት ይበቃል። "ባዮቴክኖሎጂ" የሚለውን ምዕራፍ በእጅ የሚዳሰስ ያደርገዋል።

ከነጭ ወረቀት ረጅም ቁራጭ ቆርጣችሁ ሁለት መስመር ፊደል ጻፉበት። ከላይ የፈለጋችሁትን፣ ከታች ደግሞ ጥንዱን፦ ኤ ከሆነ ቲ፣ ጂ ከሆነ ሲ። መሃል ላይ ግን ከላይ ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ ይግባ። ከታች ሲ-ቲ-ቲ-ኤ-ኤ-ጂ ይሆናል። የታችኛውን ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት፤ ከላይኛው ጋር አንድ ነው። ጫፍና ጫፉን በስኮች አያይዛችሁ ቀለበት አድርጉት። ይህ ፕላዝሚድ ነው፣ ባክቴሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት።

ከባለቀለሙ ወረቀት ሌላ ቁራጭ ሥሩ። መሃሉ ላይ "ኢንሱሊን" ብላችሁ ጻፉ። በሁለቱም ጫፍ ያንኑ ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ ከነጥንዱ አድርጉ።

አሁን መቀሱ ኢኮ አር ዋን የሚባለው ኢንዛይም ነው። ባክቴሪያዎች ከቫይረስ ራሳቸውን የሚከላከሉበት መሣሪያ ነበር፤ ሳይንቲስቶች ከነሱ ወሰዱት። ይህ መቀስ በፈለገበት አይቆርጥም። ያቺን ባለ ስድስት ፊደል ቃል ፈልጎ በሁለቱም ክር ላይ በጂ እና በኤ መሃል ይቆርጣል። ከላይ ከግራ በኩል፣ ከታች ከቀኝ በኩል ማለት ነው። እናንተም እንደዚያው በደረጃ ቁረጡ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አይደለም። ጫፉ ላይ ኤ-ኤ-ቲ-ቲ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚጣበቅ ጫፍ የሚሉት ይህ ነው። ባለቀለሙን በሁለቱም ጫፍ ቁረጡት፣ በተከፈተው ቀለበት ውስጥ አስገቡት። ፊደሎቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ስኮቹ ላይጌዝ ነው፤ የተቆረጠ ዲኤንኤን የሚያጣብቀው ኢንዛይም። አጣብቁት።

የጎበዝ ጥያቄ አለ፦ ቁራጩ ተገልብጦ ቢገባስ? ሞክሩት። ጫፎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተገልብጦም ይገጥማል! የተገለበጠ ጂን ግን አይነበብም። ለዚህ ነው ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ኢንዛይሞች የሚጠቀሙት።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። የሰው ኢንሱሊን በዚህ መንገድ መጀመሪያ በ1978 እ.ኤ.አ. ኢኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ተሠራ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቁራጮች) አሉት፣ በሁለት ሰንሰለት፣ አንዱ ባለ 21፣ አንዱ ባለ 30። ያኔ ሁለቱን ሰንሰለቶች በተለያዩ ባክቴሪያዎች አሠርተው በኋላ ነው ያጋጠሙት። መድኃኒቱ በ1982 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በፊት የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ከታረደ ከብትና ከአሳማ ቆሽት የተጣራ ኢንሱሊን ነበር። ከልጆቹ የአንዷ አያት በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ወረቀቱን አጣብቃ ስትጨርስ ቀለበቱን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አገላበጠችው። "እማማ ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ይቺ ናት?" አለች። አዎ፣ ይቺው ናት አልኳት።

ስትጨርሱ

ክሩን ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ከስንጥሩ ላይ ወደ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አውርዱት። ንጹሕ አልኮል ጨምሩበት፣ ክዳኑን አጥብቁ። ላዩ ላይ "አይጠጣም" ብላችሁ በደማቁ ጻፉ፣ ቀኑንና የአተሩን ዓይነት አክሉ። ትንንሽ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት። የቀረውን ድብልቅ ከብዙ ውሃ ጋር መታጠቢያ ውስጥ መድፋት ይቻላል። ብሌንደሩን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ እጠቡ፣ አለዚያ የሚቀጥለው ጁስ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቦሎቄውን ንጹሕ እጅ ከነካው መልሳችሁ ወደ ጓዳ አስገቡት። የተረፈውን የተዘፈዘፈ አተር እህቴ ለእራት ሠራችው።